የሌን ቴባት አምስት ጡረታዎች

ሌን ቴባት ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተጋድሟል። አንዱ የቤት ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው አራተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ከደረጃው አናት በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው የዕቃ ቆጥ ክዳን ተከፍቶ የብረት መሰላሉ ወደ ታች ተስቧል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቱ ኖሪስ ክላሪጅ በትርፍ ቁልፍ ገብቶ ያገኘው እንዲህ ሆኖ ነው። የተጠሩት ሁለት ፖሊሶች ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፣ ከመሰላል የወደቀ ሽማግሌ ብለው ጻፉ።

ኦድሪ ፔል ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። በኬተሪንግ ከተማ ድንገተኛ ሞትን በሚያጣራው ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል። መኪናዋን አቁማ ስትወርድ ክሪስፒን ጎዳናን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ቀይ የጡብ ቤቶች በሁለት ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። በመንገዱ ሁሉ የወጣ የቆሻሻ በርሜል አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ባለ ጎማ፣ በነጭ ቀለም አሥራ ሰባት ቁጥር የተጻፈበት። አሥራ ሰባት የሟቹ ቤት ነው።

ገብታ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። መዳፎቹን አየች። ንጹሕ ናቸው። መሰላሉን ወጥታ ራሷን ወደ ቆጡ አስገባች፤ ጨለማ ነው። ማብሪያውን ዳብሳ አገኘችና መብራቱን አበራች። በካርቶኖቹ ላይ አቧራው ተኝቷል። ካለፉት ሳምንታት የቀሩ የጣት ዱካዎች አሉ፤ እነሱንም ስስ አቧራ መልሶ ሸፍኗቸዋል። አዲስ ዱካ የለም።

ወጥ ቤት ውስጥ የሌን የማንበቢያ መነጽር ጋዜጣ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ማድረቂያው ላይ ሁለት የታጠቡ ኩባያዎች ተደፍተዋል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው አዲስ ላስቲክ ገብቶበታል፤ አንድ የሻይ ቅጠል ከረጢት እንኳ የለበትም። በማቀዝቀዣው በር ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የበተነው ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰኞ በዓል ስለሆነ በዚህ ሳምንት ሐሙስ ይነሣ የነበረው ቆሻሻ አርብ ይነሣል ይላል። አርብ የሚለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተከቧል።

ሬሳውን ያየው ሐኪም ሌን የሞተው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ባለው ጊዜ ነው አላት። አመሰገነችውና መነጽሩን በፖስታ አሽጋ ያዘች።

ኖሪስ በራሱ ወጥ ቤት ሻይ አፍልቶ ጠበቃት። ሰባ ዓመት ሞልቶታል፤ ከሌን ጋር በአውቶቡስ ድርጅቱ ዘጠኝ ዓመት አብረው ነድተዋል። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከከተማው ዳር ባለችው የአትክልት መደቡ ላይ ድንች ሲተክል እንደዋለ ነገራት። ያየው ሰው የለም።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ተመለስኩ» አለ። «በርሜሉ ወጥቶ አየሁት። በልቤ ‹ሌንዬ፣ በቃ ጃጀህ› አልኩ። እሱ እኮ በዓል በመጣ ቁጥር እኔን የሚያስታውሰኝ ሰውዬ ነው።»

«መልሰው አላስገቡትም?»

«የሰው በርሜል?» አላት፤ የሰው ሚስት ያለችው ያህል።

ስለ ጡረታው ሳትጠይቀው እሱው አነሣው። ሌን በዕድሜው አምስት ቦታ ሠርቷል፤ ጫማ ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ አውቶቡስ፣ ብስኩት ፋብሪካ፣ መጨረሻ ላይ መጋዘን። አምስቱም ጡረታ አስቀምጠውለታል፤ አምስቱም በየዓመቱ ደብዳቤ ይልካሉ። የእንጀራ ልጁ ኮሪን በአንድ ካዝና እናሰባስባቸው ብላ ጀመረች። ኖሪስ አልወደደውም። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ስልክ ደውሎ፣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ የኖሪስን የሃያ ስድስት ዓመት ጡረታ ወደ ተሻለ ቦታ እናዛውረው አለው። ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውም ገንዘቡም አልተገኙም።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አለ ኖሪስ፣ ስኳሩን እያማሰለ። «ስለዚህ ባለፈው እሑድ በአጥሩ ላይ ጮህኩባት። ‹ከነኮምፒውተርሽ ከዚህ ቤት ውጪ› አልኳት። አሁን ይቆጨኛል። ግን ብያለሁ።»

ማክሰኞ ግን፣ በዚሁ ነገር ካኮረፈው ከሌን ጋር ታርቀው ፖስታ ቤት አብረው ሄደዋል። ሌን ሁለት ፖስታ ላከ። አንዱ የጫማ ፋብሪካው አሮጌ የአባልነት ወረቀት ነው፤ በስንት ፍለጋ ሰኞ ዕለት ተገኘ ብሎ እንደ ሎተሪ አሳየው። ሁለተኛውን አላሳየውም። እዚያው ፊት ለፊቱ ፖስታውን በምላሱ አርሶ አሸገው።

«ምን አለዎት ስለሱ?»

«እሑድ ምሳ ላይ ለእህቴ ለአቭሪል እነግራታለሁ አለኝ። እዚያ ቤት ቁም ነገር የሚወራው እሑድ ነው፤ ሌላ ቀን ስለ ገንዘብ ካነሣህ እንደ ባለጌ ያዩሃል።»

ኮሪን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ሌንን ያገባችው እሷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ነበር፤ እናትየው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አራት መንገድ ርቆ ባለው ቤቷ፣ በራት ጠረጴዛዋ ላይ፣ ለአንድ የመድን ኩባንያ ስልክ ትመልሳለች። ረቡዕም እዚያው ነበረች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ሥራ አልነበራትም። ኦድሪ ስታነጋግራት አንድም ጊዜ አላለቀሰችም። ጣቷን በሻይ ኩባያው አፍ ዙሪያ እያዞረች፣ የሌላ ሰው ጉዳይ የምታስረዳ ይመስል አስረዳቻት።

ደብዳቤዎቹን ሌን ሳይከፍት ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያጭቃቸው ነበር። አራቱ በቀላሉ ተገኙ። የጫማው ግን ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ገንዘቡን ሌላ ኩባንያ ወርሶት፣ ያም የድሮ የአባልነት ቁጥር አምጡ አለ። በሚያዝያ ወር በሁለት እሑዶች ቆጥ ላይ ወጥተው ፈለጉ። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይም ሌን ለሁሉም እንዳልተገኘ ነግሯቸዋል። በማግስቱ፣ በበዓሉ ሰኞ፣ ኮሪን የእናቷን የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ስትከፍት ወረቀቱ ከክሮቹ ሥር ተኝቶ አገኘችው።

«መገኘቱን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ለኖሪስም ነግሮታል መሰለኝ።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረቻት። እያንዳንዱ ጡረታ፣ እኔ ብሞት ለእገሌ ይሰጥ የሚል አንድ ወረቀት አለው። አውቶቡሱና ቢራው ሌንን በሞት በቀደመችው እናቷ ስም ነበሩ፤ ብስኩቱም። መጋዘኑ በኮሪን ስም ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የጫማው፣ አርባ አንድ ሺህ ፓውንድ፣ በእህቱ በአቭሪል ስም ነው። አምስቱ ሲዋሃዱ አሮጌዎቹ ስሞች በሙሉ ይሻራሉ፤ በቦታቸው አዲስ አንድ ወረቀት ይሞላል። ውህደቱ የሚጠናቀቀው በመጪው ሰኞ ነበር።

«በአዲሱ ላይ ማንን ጻፈ?»

«አላውቅም። ያንን ራሴ እሞላዋለሁ አለኝ። ፈተና እንደሚፈተን ተማሪ በክንዱ ከልሎ ጻፈው።» ጣቷ ኩባያው ላይ ቆመ። «አክስቴ አቭሪል ራሷን አስጻፈች ትላለች። አይደል? ብላዎታለች ወይ ትልዎታለች።»

አቭሪል አላለችም፤ ቢያንስ በቀጥታ። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከከተማው ማዶ ባለ ፎቅ ሦስተኛው ወለል ላይ ትኖራለች። ሳሎኗ ውስጥ ካርቶኖች ተደርድረዋል። አከራይዋ ቤቱን ሊሸጠው ነው፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቂ ብሏታል። የሚያከራያት ሌላ ሰው የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የነገረቻት የአውቶቡስ ሰዓት የምትነግራት ይመስል ነው።

የተወለደችው በአሥራ ሰባት ቁጥር ቤት ነው። በዚያው ጫማ ፋብሪካ የጫማውን የላይኛ ቆዳ ስትሰፋ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች።

«ጡረታ የለኝም» አለች። «ለግማሽ ቀን ሠራተኛ ያኔ አይሰጥም ነበር፤ የግማሽ ቀን ሠራተኛው ደግሞ ሴቱ ሁሉ ነው። ሌን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር ሲቀጠር። ስም ጻፍ ሲሉት የኔን ጻፈ፤ ሚስት የለው፣ ማንን ይጻፍ። ‹የጫማው ያንቺ ነው› ይለኝ ነበር። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ።»

ወንድሟን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው እሑድ ምሳ ላይ ነው። ረቡዕ ከቤት አልወጣችም፤ ቴሌቪዥን ስታይ ነበር።

«ያ ወረቀት ነው የገደለው» አለች። «ጣሪያ ሥር አትውጣ፣ ስንቴ አልኩት። እሷ ግን አምጣ ትለዋለች። እንግዲህ አመጣላት።»

ኦድሪ ስትነሣ እጇ ላይ የቀረውን ሶፍት የት እንደምትጥለው ጠየቀች። አቭሪል ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የቆሻሻ መጣያ የብረት ክዳን አሳየቻት። «እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይወርዳል። ታች ዘበኛው ያወጣዋል። እዚህ ቤት ደስ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ቀን መቁጠር የለ።»

ኦድሪ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የራሷን መሳቢያ ከፈተች። አራት የጡረታ ደብዳቤዎች ከአራት መሥሪያ ቤት። አንደኛው ላይ የጻፈችው የባሏን ስም ነው፤ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። መሳቢያውን ዘጋችው።

የአዲሱ ጡረታ ኩባንያ መልስ ማክሰኞ መጣ። አንብባ አጠፈችውና በማግስቱ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ወደ ሌን ቤት ጠራቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ጋ ቆመ። ኖሪስ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ኮሪን መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አቭሪል ካፖርቷን ሳታወልቅ የወንድሟን ወንበር ትታ ከጎኑ ያለችውን ያዘች።

ኦድሪ አልተቀመጠችም።

«ሌን ከመሰላል አልወደቀም» አለች። «ወረቀት ለመፈለግ የሚወጣ ሰው መነጽሩን ይዞ ይወጣል። መነጽሩ ወጥ ቤት ነበር። ቆጡ ጨለማ ነው፤ መብራቱ አልበራም። እጁ ላይ አቧራ የለም፤ ካርቶኖቹ ላይ አዲስ ጣት የለም። መሰላሉን ያወረደው ሌላ ሰው ነው፣ ከወደቀ በኋላ።»



«ሁለት ኩባያ ታጥቧል። ስለዚህ እንግዳ ነበር፤ ሻይ የሚፈላለት እንግዳ። ይህ ግን ከሦስታችሁ ማንም ሊሆን ይችላል። ሦስታችሁም ብቻችሁን ነበርን ብላችኋል። ስለዚህ መሰላሉን እንጠይቀው። ያወረደው ሰው ሌን ወረቀቱን ገና እየፈለገ እንዲመስል ፈልጓል። ወረቀቱ ግን ሰኞ ተገኝቷል። ማክሰኞ በፖስታ ሄዷል። ያገኘችው ኮሪን ናት። ሲላክ አቶ ክላሪጅ ቆመው አይተዋል። ሁለቱም ለሐሰት ቢያስቡ ኖሮ ይህን ሐሰት አይመርጡም።»

ኖሪስ ኮፍያውን አዞረው። ወደ ማንም አላየም።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ። በርሜሉ። አቶ ክላሪጅ ረቡዕ ሩብ ጉዳይ ለአሥራ ሁለት ላይ ወጥቶ አይተውታል። በመንገዱ ሌላ አልነበረም፤ በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ የሚያወጣው ሐሙስ ማታ ነበር፣ ምክንያቱም በበዓሉ ቀኑ ወደ አርብ ተገፍቷል። ሌን ይህን ያውቃል፤ በቀይ ከብቦታል። እሱ አላወጣውም። አቶ ክላሪጅ እዚህ ይኖራሉ፣ ያውቃሉ። ኮሪን አራት መንገድ ርቃ ትኖራለች፤ ያው ወረቀት በሯ ሥር ገብቷል። ያወጣው ሰው የዚህ ቤት ቆሻሻ ረቡዕ ማታ እንደሚወጣ በደንብ ያውቃል፤ ስለ በዓሉ ግን ማሰብ ከተወ ቆይቷል። ቆሻሻውን ሌላ ሰው የሚያወጣለት፣ ቀን የማይቆጥር ሰው ነው።»

አቭሪል እጆቿን አየች።

«መሰላሉ የተንኮል ነበር» አለች ኦድሪ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በርሜሉ ግን የተንኮል አይመስለኝም፣ ወይዘሮ አቭሪል።»

«አይደለም» አለች አቭሪል።

 ማንም ሳይጠይቃት ቀጠለች፤ ድምጿ አልተለወጠም። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ በአውቶቡስ መጣች። ሻይ አፈላላት። የጫማውን ጠየቀችው፣ ስሜ ይሻራል ወይ አለችው። እሑድ እንነጋገራለን አላት። ሰኔ ደረሰ፣ እሑድ ምን ይሠራልኛል አለችው። ስለ ገንዘብ በሥራ ቀን አልወድም ብሎ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። ተከተለችው።

«ከደረጃው አናት ላይ እጅጌውን ያዝኩት። እንደ አባባ አስለቀቀኝ፤ እንዲህ፣ ዝንብ እንደሚያባርር። ገፋሁት። ትንሽ ነው። ግን ገፋሁት።» ካፖርቷን ወደ ጉልበቷ ሳበች። «ስሙን ጠራሁት። ከዚያ ኩባያዎቹን አጠብኩ። መሰላሉን በዘንጉ ሳብኩት። ላስቲኩን ቀየርኩ። ከዚያ ረቡዕ ነው አልኩ። እናታችን ረቡዕ ቆሻሻ ሳይወጣ ራት አታቀርብም ነበር።»

ኮሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ሰው ሁሉ በኔ ወረቀት ሰበብ ሞተ ሲል ዝም አልሽ» አለቻት።

«አዎ።»

«አንድ ሳምንት ሙሉ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

ኦድሪ ከቦርሳዋ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። ይህን ላለማንበብ ከትናንት ጀምሮ ምክንያት ስትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም። የፍርድ ቤት ሰው በሰው ሁሉ ፊት ከሚያነብላት እዚህ ብትሰማው ይሻላል ብላ ወሰነች።

«ሌን ማክሰኞ የላከው ሁለተኛ ፖስታ ይህ ነበር» አለች። «አዲሱ የስም ወረቀት። የመጋዘኑን ጡረታ የሚያክለው ለኮሪን። የቀረው በሙሉ ለእህቴ ለአቭሪል ይላል። ከታች፣ ምክንያት ካለ ይጻፍ በሚለው መስመር ላይ፣ ‹የጫማው የሷ ነው፣ ተነግሯታል› ብሎ ጽፏል።»



«ማክሰኞ?» አለች አቭሪል።

«ማክሰኞ።»

«እኔ የመጣሁት ረቡዕ ነው።»

«አዎ። በአሮጌውም በአዲሱም ወረቀት የእርስዎ ነበር።»

ነበር ማለቷን አቭሪል ሰማች። ሕጉን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፤ የገደለ የገደለውን አይወርስም። ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች፤ በሱቅ ውስጥ የፈለገችው ዕቃ አልቋል እንደተባለች ሴት። ካፖርቷን ቆለፈች፤ ከላይኛው ቁልፍ ጀምራ እስከ ታችኛው።

ፖሊሱ በሩን ከፈተላት። ደፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ከውጭ ገና ብርሃን ነው። በክሪስፒን ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በየቤቱ ፊት፣ በርሜሎቹ ተሰልፈው ወጥተዋል፤ ከአንድ እስከ አርባ ሁለት። በጎዶሎ ቁጥሮቹ ረድፍ፣ በአሥራ አምስትና በአሥራ ዘጠኝ መካከል፣ አንድ ክፍት ቦታ አለ።

«ኖሪስ» አለች ሳትዞር። «ነገ ሐሙስ ነው።»

ኖሪስ ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣ። በጓሮ በር ሲወጣ ሰሙት። ከዚያ ጎማዎቹ በቤቶቹ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ጡቡ ላይ እየተንገጫገጩ መጡ። አቭሪል የፖሊስ መኪናው ውስጥ አልገባችም። በርሜሉ ጠርዙ ላይ እስኪቆም፣ ኖሪስ መያዣውን ወደ ቤቱ እስኪያዞረው፣ አየች። ከዚያ ገባች።